ያሮጌ ማጣሪያ ዋጋ፤ የባሕር ዓሣ በቤታቸው ለሚያኖሩ ቤተ ሰቦች የተሰጠ ምክር

ለቤት የሚሆን ዕቃ ሲገዛ አሮጌውን በርካሽ መግዛት ይሻላል ወይስ አዲሱን በውድ ዋጋ መግዛት ይሻላል የሚለው ጥያቄ የቤት ጌታንና የቤት እመቤትን ዘወትር የሚያከራክር ነው። ነገሩ ስለ ሣጥንና ስለ ወንበር፤ ስለ ምንጣፍና ስለ ሰዓት የሆነ እንደ ሆነ ክርክሩ በቀላሉ ያልቃል። ሣጥኑ ቢሰበር አናጢ ይጠግነዋልና፤ ሰዓቱም ቢቆም የምትጠፋ ነፍስ የለችምና። ነገር ግን ዕቃው የሕያዋን ፍጥረቶችን እስትንፋስ የሚጠብቅ በሆነ ጊዜ ጥያቄው ሌላ ይሆናል። ዛሬ በዚህ በቤተ ሰብ ገጽ የምናነሣውም ይህንኑ ነው፤ ይኸውም በፈረንጅ አፍ አኳሪየም በሚባለው በመስተዋት ገንዳ ውስጥ የባሕር ዓሣ የሚያኖር ሰው የውኃውን ማጣሪያ አሮጌ ቢገዛ ወይም አዲስ ቢገዛ የሚያገኘውን ጥቅምና ጉዳት መመርመር ነው።

ይህ ነገር ለእኛ ሩቅ ነው የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። ነገር ግን ልጆቻችንና ወንድሞቻችን ባሜሪካና ባውሮፓ፤ በዐረብ አገሮችም ተበትነው በሚኖሩበት በዚህ ዘመን በነሱ ቤት ያለው ነገር ሁሉ ወደ እኛም ቤት በደብዳቤና በስልክ ይገባል። ይልቁንም ስለ ማጣሪያው የምንናገረው ምክር ለሌላም ያገለገለ ዕቃ ሁሉ የሚሆን ነው። እኔ ራሴ ይህን ነገር የተማርሁት በወንድሜ ቤት ካደረስሁት ጥፋት ነው፤ ስለዚህ ምክሩን ከመስጠቴ በፊት ጥፋቴን እናገራለሁ።

ከ3 ዓመት በፊት ፈቃድ ተቀብዬ ወደ አሜሪካ ሄጄ፤ ከዋሽንግተን ከተማ ፖቶማክ የሚባለውን ወንዝ ተሻግሮ በቨርጂኒያ ግዛት በሚገኘው በአሌክሳንድሪያ ከተማ በታናሽ ወንድሜ ቤት ጥቂት ወራት ተቀምጬ ነበር። የወንድሜ ልጅ በዚያን ጊዜ የ12 ዓመት ልጅ ነበረ። 200 ሊትር ያህል ውኃ የሚይዝ የመስተዋት ገንዳ ነበረው። በውስጡም ብርቱካን መልክ ያላቸው፤ ነጭ መቀነት የታጠቁ የሚመስሉ፤ ክላውን የተባሉ 2 ዓሦች፤ 2 ሽሪምፖች፤ ጥቂት የባሕር ቀንድ አውጣዎች፤ ደግሞም አኔሞን የሚባል፤ ሲያዩት አበባ የሚመስል ነገር ግን እንስሳ የሆነ አንድ ፍጥረት ነበሩ። የአኔሞን ጣቶች ሌላውን ዓሣ ይነድፋሉ፤ እነዚያን ዓሦች ግን አይጐዷቸውም፤ እንዲያውም ሌሊት መኝታቸው በእርሱ መካከል ነው። ልጁም ገንዳውን ከመሠረተ ዓመት ከመንፈቅ ሆኖት ነበርና ጧት ከትምህርት ቤት በፊት፤ ማታም ከጥናት በኋላ ውኃውን እየለካ በደብተሩ ይጽፍ ነበር። እኔም እንደ ሥራዬ ጸሐፊ ነኝና ይህን ደብተር ባየሁ ጊዜ ደስ አለኝ።

የገንዳው ማጣሪያ ትንሽ ስለ ነበረ ትልቅ ማጣሪያ አስፈለገው። ባለ ሱቁም ያዲሱን ዋጋ 240 ዶላር ነው አለን። እኔ ለልጁ ስጦታ አድርጌ ልሰጠው አስቤ ነበርና ዋጋው ከበደኝ። ጠይቄ ጠያይቄም ዓሣ ማኖር የተወ አንድ ሰው ያንኑ ዐይነት ማጣሪያ በ60 ዶላር እንደሚሸጥ ሰማሁ። ከቤቱ በሄድሁ ጊዜ ማጣሪያውን አስነሥቶ ውኃ ሲገፋ አሳየኝ። ከዚያም አጥፍቶ ክዳኑን ከፈተና በውስጡ ያሉትን የሸክላ ቀለበቶችና የተሰባበረ የኮራል ድንጋይ እያሳየ «ይህ ሕያው ነው፤ አትጠቡት፤ ብዙ ሳምንት ያተርፍላችኋል» አለኝ። እኔ ወደ 20 ዓመት ያህል በፍርድ ቤት የሰው ቃል ስጽፍ የኖርሁ ሰው ነኝ። ምስክር የሌለው ውል በፊቴ ሲቀርብ «ምስክሩ ማን ነው?» ሳልል አሳልፌ አላውቅም። በዚያ ቀን ግን የጠየቅሁት ዋጋውን ብቻ ነው። ከ60 ወደ 50 ዝቅ ያደርግልኝ እንደ ሆነ ተከራከርሁት፤ እሱም እንቢ ስላለኝ ገንዘቡን ከፍዬ ማጣሪያውን ተሸክሜ ሄድሁ።

በመጀመሪያው ሌሊት ውኃው እንደ ምንጭ ጠራ፤ ልጁም ደስ ብሎት አቅፎ ሳመኝ። በ3ኛው ቀን ግን ቀንድ አውጣዎቹ ከመስተዋቱ ላይ እየተላቀቁ ወደ አሸዋው ወደቁ። በ4ኛው ቀን ሽሪምፖቹ በጐናቸው ተኝተው ተገኙ። አኔሞኑም ጣቶቹን ሰብስቦ፤ አፉን ከፍቶ፤ በ7ኛው ቀን እንደ ሰም ቀለጠ። ዓሦቹ ግን ደኅና ነበሩ፤ እህላቸውንም ይበሉ ነበር። ማታ ማታ ግን የመኝታቸው ስፍራ ባዶ ስለ ሆነባቸው በዚያው ዙሪያ ይመላለሱ ነበር።

ልጁ በዚያን ሰሞን ዝም አለ፤ እራቱንም ተወ። አባቱ ምን ሆነሃል ቢለው የሚመልሰው ነገር አልነበረም። አንድ ሌሊት እንቅልፍ ስለ ራቀኝ ወደ አዳራሹ ወጣሁና ደብተሩን ከጠረጴዛው ላይ ተከፍቶ አገኘሁት። የመጀመሪያዎቹን ቀኖች ልክ በየረድፉ ጽፎ፤ ጨዉ ደኅና፤ ሙቀቱ ደኅና፤ አሞኒያ የለም ይላል። ከሥሩ በሌላ ቀለም «ምግብ አብዝቼ ሳይሆን አይቀርም፤ ጥፋቱ የእኔ ነው» ብሎ ጽፏል። በፍርድ ቤት ያልሠራውን ጥፋት በራሱ ላይ የመሰከረ ሰው ቃል ጽፌ አውቃለሁ፤ እንደዚያ ሌሊት ግን ልቤ የተነካበት ጊዜ የለም።

በማግሥቱ ከዚያው ውኃ በጠርሙስ ይዤ ወደ ባለ ሱቁ ሄድሁ። እሱም ነገሩን ከሰማ በኋላ «ዓሣው ድኖ አከርካሪ የሌለው ሁሉ ከሞተ መዳብ ነው» አለኝ። በመመርመሪያው ጠብታም ውኃው ቀለሙን ለወጠ። ለሻጩ ስልክ ደወልሁና «በዚህ ማጣሪያ መዳብ ያለበት መድኃኒት አልፎበት ያውቃልን?» ብዬ ጠየቅሁት። እሱም ሳይሸሽግ «አዎን፤ ከ2 ዓመት በፊት ዓሦቼ ነጭ ነጥብ ወጥቶባቸው መዳብ አድርጌላቸው ነበር፤ እኔ ከዓሣ በቀር ሌላ ስለ ሌለኝ ጉዳት አላየሁበትም» አለኝ። ሰውዬው ውሸተኛ አልነበረም፤ የጠየቀው ሰው አልነበረም እንጂ። በፍርድ ቤትም እንደዚሁ ነው፤ ያልተጠየቀ ምስክር የሐሰት ምስክር አይባልም።

የዚያን ቀን ማታ ልጁን በአባቱና በእናቱ ፊት ጠርቼ «ልጄ፤ የጻፍኸውን አይቻለሁ፤ ጥፋቱ ያንተ አይደለም፤ የእኔ ነው፤ በደብተርህም እንደዚሁ አርመህ ጻፈው» አልሁት። ታላቅ ሰው ለታናሹ ጥፋቱን ሲናገር ባገራችን ብዙ ጊዜ አይታይም፤ ወንድሜም «ጋሼ፤ ይህን ያህል ምን ያስፈልጋል?» ብሎኝ ነበር። ነገር ግን ልጅ ያላጠፋውን ጥፋት ተሸክሞ ቢያድግ የታላቅየው ክብር ምን ይጠቅመዋል? ልጁም ብዙ ጊዜ ዝም ብሎ ከቆየ በኋላ «ታዲያ ጋሼ፤ አሁን ምን እናድርግ?» አለኝ።

እንግዲህ ነገሩ እንዴት እንደ ሆነ ለመረዳት የማጣሪያን ሥራ ማወቅ ያስፈልጋል።

የባሕርን ፍጥረት በመስተዋት ውስጥ ማኖር የቈየ ጥበብ ነው። ሮበርት ዋሪንግተን የሚባል የእንግሊዝ ኬሚስት በፈረንጆች አቈጣጠር በ1850 ዓ.ም. ዓሣና የውኃ ተክል በአንድ ዕቃ ውስጥ እርስ በርሳቸው እየተረዳዱ እንደሚኖሩ አስረዳ። በ1853 ዓ.ም. በሎንዶን የአራዊት ማኖሪያ ለሕዝብ የሚታይ የዓሣ ቤት ተከፈተ። ፊልጶስ ሄንሪ ጐስ የተባለውም የተፈጥሮ ሊቅ በ1854 ዓ.ም. ስለዚሁ ጥበብ መጽሐፍ ካወጣ በኋላ የብዙ ባላባቶችና ነጋዴዎች ቤት በመስተዋት ገንዳ ተሞላ። ነገር ግን ብዙዎቹ ገንዳዎች ሳይቈዩ ይበላሹ ነበር፤ ምክንያቱም በዓይን የማይታየው ሥራ ገና በደንብ አልታወቀም ነበርና።

ይህ የማይታይ ሥራ እንዲህ ነው። ዓሣ ከሚያወጣው እድፍና ከተረፈው ምግብ አሞኒያ የሚባል መርዝ ይወጣል። ባክቴሪያ የተባሉት ረቂቃን ፍጥረቶች አሞኒያውን ወደ ናይትራይት ይለውጡታል፤ እሱም ደግሞ መርዝ ነው። ሌሎች ባክቴሪያዎች ናይትራይቱን ጉዳቱ እጅግ ወደሚያንሰው ወደ ናይትሬት ይለውጡታል። የሩሲያው ሊቅ ሰርጌይ ቪኖግራድስኪ እነዚህን ባክቴሪያዎች በ1890 ዓ.ም. ግድም መርምሮ አስረድቷል። መኖሪያቸውም በድንጋዩ፤ በአሸዋውና በማጣሪያው ውስጥ ባሉት ቀለበቶችና ሰፍነጎች ላይ ነው። አዲስ ገንዳ ሲመሠረት በቂ ሆነው እስኪበዙ ድረስ ብዙውን ጊዜ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ያስፈልጋል። ስለዚህ ማጣሪያ ማለት 3 ሥራ የያዘ ነው፤ አንደኛ እድፉን የሚይዝ፤ ሁለተኛ በተዘጋጀ ከሰልና ይህን በመሰለ ነገር በውኃው የተበተነውን የሚስብ፤ ሦስተኛ ባክቴሪያዎቹን የሚያሳድር ነው። በባሕር ውኃ ደግሞ አየርን በደቃቁ እየነፋ እድፉን በአረፋ አድርጎ የሚያወጣ፤ ፕሮቲን ስኪመር የሚባል ሌላ መሣሪያ ይጨመርበታል።

መዳብ ደግሞ የዓሣ መድኃኒት ነው። ነጭ ነጥብ የሚያወጣውን ተውሳክ ለመግደል ባንድ ሊትር ውኃ ከ0.15 እስከ 0.20 ሚሊግራም የሚሆን መዳብ ሲደረግ ዓሣው ይችለዋል፤ ይህ ልክ ግን ለቀንድ አውጣና ለሽሪምፕ፤ ለአኔሞንና ለኮራል ሞት ነው። የኮራል ድንጋይና አሸዋ፤ ይህን የመሰለውም ኖራ ያለበት ነገር ሁሉ መዳቡን ይይዛል፤ ከቈየም በኋላ ጥቂት በጥቂት መልሶ ሊለቀው ይችላል። እንግዲያስ ሰውዬው «ሕያው ነው፤ ያተርፍላችኋል» ብሎ ያመሰገነልኝ፤ እኔም እንደ ምርቃት የቈጠርሁት ነገር መርዙን ያዘለው ነበረ። የማጣሪያው ገላ ግን በደል አልነበረበትም።

ስለዚህ ከዚህ ነገር የምንማረው አሮጌ ሁሉ ክፉ ነው፤ አዲስ ሁሉ መልካም ነው ማለት አይደለም። አሮጌ ዕቃ የሚገዛ ሰው ዕቃውን ብቻ አይገዛም፤ ዕቃው ያለፈበትን ዘመን ጭምር ይገዛል። ስለዚህ የማጣሪያውን ክፍሎች በየወገናቸው ለይቶ ማየት ይገባል።

አንደኛ፤ ታጥቦ የሚጠራውን ነገር አሮጌ መግዛት ይቻላል። ጠንካራና ልስልስ ከሆነ ፕላስቲክ የተሠራ የማጣሪያ ገላ፤ የስኪመር ቱቦና ሳሕን፤ እነዚህ ሁሉ ያልተሰነጠቁ እንደ ሆነ በውኃ በተቀላቀለ ነጭ ኮምጣጤ ቢዘፈዘፉ የተጋገረው ኖራ ይለቃል። ከተውሳክ ለማንጻትም በቤት በረኪና በብዙ ውኃ አቅጥኖ መዘፍዘፍ፤ ከዚያም ደጋግሞ አጥቦ ክሎሪን በሚያጠፋ መድኃኒት ማለቅለቅና በፀሐይ ፈጽሞ ማድረቅ መልካም ነው። ነገር ግን በረኪናንና ኮምጣጤን ባንድ ጊዜ መቀላቀል አይገባም፤ ሳንባን የሚያቃጥል ጋዝ ይወጣልና። በዚህ ረገድ ያገለገለ ስኪመር የገዛ ሰው ብዙ ጊዜ ያተርፋል፤ አዲሱ ውድ ነውና፤ ገላውም ቶሎ አያረጅም።

ሁለተኛ፤ እያደር የሚያልቀውን ነገር አዲስ መግዛት ይገባል። ክዳኑን የሚያጠብቀው የጎማ ቀለበት፤ የደረቀ ቱቦ፤ በፓምፑ ውስጥ የሚዞረው መግነጢስ ያለበት ክፍል፤ ይህ ሁሉ ዋጋው ትንሽ ነው፤ ሲበላሽ ግን ጨዋማ ውኃ በሌሊት በወለል ላይ ይፈስሳል። የመግነጢሱ ልባስ ተሰንጥቆ ዝገት የታየበት እንደ ሆነ ይጣል። እንግዲህ አሮጌ ማጣሪያ ከመግዛት በፊት የዚህ ዐይነት መለዋወጫ ዛሬም ይሸጥ እንደ ሆነ መጠየቅ ነው፤ መለዋወጫው ከገበያ የጠፋ ማጣሪያ በነጻ ቢሰጥም ውድ ነው። በማይታይ ብርሃን ተውሳክ የሚገድለውም መብራት ዓመት ያህል ሳይቋረጥ ከሠራ በኋላ ሲያበራ ቢታይም ኀይሉ ደክሟል፤ ስለዚህ አምፖሉ አዲስ ይሁን። በባዶ ዓይንም አይመልከቱት። የውኃ ማሞቂያን ግን አሮጌ ከመግዛት መራቅ ይሻላል፤ ሳይጠፋ ቀርቶ ገንዳውን ባንድ ሌሊት ሊያፈላው ይችላልና።

ሦስተኛ፤ ውኃ የሚመጥጠውን ነገር፤ ማለት ሰፍነግን፤ ከሰልን፤ የሸክላ ቀለበትን፤ የኮራል ድንጋይንና አሸዋን፤ ታሪኩን ከማያውቁት ሰው አይቀበሉ። በዚህ ውስጥ ያለው ባክቴሪያ ሕይወቱ የሚቈየው የሚፈስስ ውኃና በውኃው የተሟሟ አየር ሲያገኝ ብቻ ነው። ማጣሪያው ውኃ እንደ ያዘ ተዘግቶ ለብዙ ሰዓት ከቆመ ባክቴሪያው አየር አጥቶ ይሞታል፤ ውስጡም ይሸታል። ሻጩ ከጓዳ ወይም ከምድር ቤት ያወጣው የደረቀ ቀለበት ሕያው ነው ቢባል አይመኑ። ነገር ግን ገንዳው ዛሬም ቆሞ፤ በውስጡ ሽሪምፕና ኮራል በጤና ሲኖሩ በዓይንዎ ያዩት ወዳጅ ከማጣሪያው ጥቂት ቀለበት ቢሰጥዎ ስጦታው ከወርቅ ይበልጣል፤ የሳምንቶችን ጥበቃ ያሳጥርልዎታልና። በርጥቡ ይዘው በዚያው ቀን ወደ ገንዳዎ ያግቡት። ከዓሣ ገንዳ የወጣ ርጥብ ነገር ግን የነጩን ነጥብ ተውሳክ ይዞ ሊመጣ ስለሚችል ዓሣ በሌለበት ገንዳ እስከ 76 ቀን ማቈየትን ብዙ አዋቂዎች ይመክራሉ።

አዲሱን ማጣሪያ ስለ መግዛት ደግሞ ጥቂት እንናገር። አዲስ ማጣሪያ መድን አለው፤ መለዋወጫውም ይገኛል፤ ያለፈበት መርዝ የለም። ነገር ግን ባዶ ነው። ዋጋውን የከፈለ ሰው ሥራው ያለቀ መስሎት በማግሥቱ ዓሣ ቢጨምር በአሞኒያ ያልቅበታል። ባዲስ ማጣሪያ የሚሞተው ዓሣ በአሮጌ ማጣሪያ ከሚሞተው አያንስም ብዬ እገምታለሁ፤ የሚገድለውም መዳብ ሳይሆን ችኰላ ነው። የቸኰለች አፍሳ ለቀመች ይባላልና ያዲሱ ዋጋ ገንዘብና ትዕግሥት ሁለቱም ነው።

አሁን ሻጩን እንዴት እንደምንጠይቅ ላመልክት። ማጣሪያው ከባሕር ውኃ ነው ወይስ ከወንዝ ውኃ ገንዳ የወጣው? ስንት ዓመት አገለገለ? ከቆመስ ስንት ጊዜ ሆነው? ባለፈበት ገንዳ ውስጥ ዓሣ ብቻ ነበረ ወይስ ኮራልና ሽሪምፕም ነበሩበት? መድኃኒት ተደርጎበት ያውቃልን? ምን መድኃኒት? ለምን ይሸጣል? ይህን ጠይቀው መልሱን በወረቀት ይጻፉ፤ እውነተኛ ሻጭ በጽሕፈት አይቈጣም። ቀጥሎ በባልዲ ውኃ ውስጥ አስነሥተው አንድ ሙሉ ቀን ይሞክሩት፤ ከሥሩ ደረቅ ወረቀት አንጥፈው የሚያንጠባጥብ እንደ ሆነ ይዩ፤ ድምፁንም ያዳምጡ። የኤሌክትሪኩ ገመድ የተላጠ ወይም የጠነከረ እንደ ሆነ ይተዉት። በቤትም ሲተክሉት ገመዱ ከመሰኪያው ዝቅ ብሎ እንዲጐብጥ ያድርጉ፤ በገመዱ የሚወርደው ውኃ ወደ መሰኪያው እንዳይገባ ነው። በመዳብ ነገር ግን ምርመራው ንጹሕ ነው ቢልም ጥርጣሬ ከቀረ የሚመጥጠውን ነገር ሁሉ ይጣሉ፤ በቤት የሚገኘው መመርመሪያ የማይደርስበት ጥቂት መዳብ እንኳ ለእነዚያ ፍጥረቶች ይበዛልና። በወንጀል ፍርድ ጥርጣሬ ለተከሳሹ ይረዳል፤ በዚህ ግን በዕቃው ላይ ይፈረዳል።

ከውጭ አገር ወደ አዲስ አበባ ማጣሪያ ለማስመጣት ለሚያስቡም ሁለት ነገር ላስታውስ። ባሜሪካ ያለው ኤሌክትሪክ 120 ቮልትና 60 ኸርዝ ነው፤ ያገራችን ግን 220 ቮልትና 50 ኸርዝ ነው። ስለዚህ ካሜሪካ የመጣ ፓምፕ ቀጥታ ቢሰካ ይቃጠላል። ቮልቱን የሚቀንስ ትራንስፎርመር ቢደረግለትም 50 ኸርዙ ስለማይለወጥ ብዙዎቹ ፓምፖች ከፍጥነታቸው ስድስተኛውን እጅ ያህል ያጣሉ። ካውሮፓና ከዱባይ የሚመጣው በዚህ ረገድ ይስማማል፤ ከሳውዲ ዐረቢያ የሚመጣው ግን 60 ኸርዝ ነውና ይጠየቅ። ሁለተኛው ነገር ከፍታችን ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ያህል ከፍ ያለች ስለ ሆነች የአየሩ ግፊት በባሕር ዳር ካለው በሩብ ያህል ያንሳል፤ ውኃውም በዚያው ልክ የሚይዘው ኦክሲጅን ያንሳል። ሙቅና ጨዋማ ውኃ ከመጀመሪያውም አየር የሚይዘው በጥቂቱ ነው። ስለዚህ ባገራችን የባሕር ገንዳ የሚያቆም ሰው ዓሣውን ያሳንስ፤ የውኃውን መናወጥና ስኪመሩን ያበርታ፤ መብራት በጠፋ ጊዜም በባትሪ የሚሠራ የአየር መንፊያ ያዘጋጅ።

ወደ ወንድሜ ልጅ ነገር ልመለስ። ልጁና እኔ ቀለበቱንና የኮራል ድንጋዩን ሁሉ ጣልን። የማጣሪያውን ገላ በኮምጣጤ ዘፍዝፈን አጠብነው፤ አዲስ የጎማ ቀለበት አደረግንለት። ውኃውንም ደጋግመን ለወጥን፤ መዳብ የሚስብ መድኃኒትና ከሰል ጨመርን። ከዚያም ሒሳቡን እንዲጽፍ ነገርሁት። አዲስ ቀለበት 35 ዶላር፤ ከሰልና የመዳብ መሳቢያ 30፤ የባሕር ጨው 50፤ የመዳብ መመርመሪያ 15፤ በሞቱት ፈንታ ለሚገዙት ፍጥረቶች 95፤ ይህ 225 ነው። የማጣሪያውን 60 ስንጨምርበት 285 ዶላር ሆነ። ካዲሱ ዋጋ 45 ዶላር በለጠ፤ የልጁ እንባ በሒሳቡ አልገባም።

እኔ ወደ አገሬ ስመለስ ገንዳው ዓሦቹን ብቻ እንደያዘ ነበር። ልጁ በየሳምንቱ መዳቡን እየለካ፤ ምንም ካላየ በኋላ አንድ ቀንድ አውጣ ብቻ አስገብቶ 4 ሳምንት ጠበቀ። እሱ በሕይወት በቈየ ጊዜ ሌሎቹን አስከተለ። አኔሞኑንም ያስገባው ካምስት ወር በኋላ ነው። ዓሦቹ ባስገባው በ3ኛው ቀን ማታ ወደ መኝታቸው እንደ ተመለሱ በስልክ ሲነግረኝ ድምፁ የቀድሞው ድምፅ ነበረ። ያ አሮጌ ማጣሪያም ዛሬ ድረስ ይሠራል።

ባለፈው ዓመት ደግሞ ያቺን የመጀመሪያይቱን ትንሽ ማጣሪያ ለትምህርት ቤት ጓደኛው በ15 ዶላር ሸጣት። ከመሸጡ በፊት ሰፍነጓን አውጥቶ ጣለ፤ በገላዋም ላይ ከደብተሩ የቀደደውን ወረቀት አሠረ። ወረቀቱን ፎቶግራፍ አንሥቶ ልኮልኛል። በላዩም የገዛበትን ቀን፤ ያገለገለችበትን ዘመን፤ በመጨረሻም «7 ቀን መዳብ ባለበት ውኃ ውስጥ ነበረች፤ ሰፍነጉ ተጥሏል፤ ገላዋ ታጥቧል፤ ውስጡን አዲስ አድርግ» የሚል ተጽፏል። ጓደኛው ይህን አንብቦ ዋጋውን ሳይከራከር ገዛ።

ክቡራን አንባቢዎች ሆይ፤ በቤታችን ያለውን አሮጌ ዕቃ ሁሉ፤ ማጣሪያም ቢሆን በቅሎም ቢሆን መኪናም ቢሆን፤ ስንሸጥ ያለፈበትን ሳይጠይቁን ብንናገር፤ ስንገዛም ከዋጋው በፊት ታሪኩን ብንጠይቅ የብዙ ቤት ኀዘን ይቀንሳል። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ የልጁም ውኃ የጠራው እንደዚሁ እያደር ነው።